እንጦጦ ያለ መኪና

«መኪና ሳይኖርህ የተራራ ብስክሌት ምን ይሠራልሃል?» ይሉኛል። ለነገሩ ከስድስት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው መንገድ ብዙም አይከብድም። ከዚያ በላይ ያለው አስፋልት ግን ሳንባ ያስተፋል። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩም እየሳሳ ነው የሚሄደው። የጭነት መኪናው ጭስ ሳይጀምር በማለዳ መውጣት ነው፤ ማርሹን መጨረሻ ድረስ አቅልሎ፣ ማንም ቢቀድም ሳይናደዱ።

አልሆነልኝም ያለ ሚኒባስ አለለት። ረዳቱ ብስክሌቷን ሲያይ ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም፤ የሁለት ሰው ሒሳብ ሲባል ግን ይፈታል። ፖርቶመጋላው ላይ ስትጫን ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን! ወደ ታች ከተኛች የማርሽ መቀየሪያዋ ይጣመምና ላይ ደርሶ ሰንሰለቱ መዝለል ይጀምራል። በገመድ ማሰሩንም ለረዳቱ አትተዉለት።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው። እኔ ግን ልቤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለችው ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ከጣለ ቅጠሉ ያንሸራትታል። ደግሞ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ካጋጠሟችሁ ቁሙ፤ ቅድሚያው የእነሱ ነው፣ ደወል መደወልም ነውር ነው። መውረዱ ላይማ መኪና ያለውም የሌለውም እኩል ነው፤ ፍሬኑ ብቻ ይያዝ።