በካራካላ ፍርስራሽ ውስጥ፤ ሦስቱ ድምፃውያንና የዓለም ዋንጫ

ሮማን የሚጐበኝ ኢትዮጵያዊ ከታላላቆቹ ሕንፃዎች ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ስፍራ ነው። እኛም ከምድር ውስጥ ባቡር ወጥተን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ በደረስን ጊዜ እንዲሁ አደረግን። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ የሆነው የአክሱም ሐውልት ከ1930 እስከ 1996 ዓ.ም. በዚህ ቆሞ ኖሯል፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ተተከለ። (ዘመኑን ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እንጽፋለን።) አበበ ቢቂላም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያለፈው በዚሁ አጠገብ ነው።

ከዚያ ጥቂት በእግር እንደ ሄድን የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ይገኛል። ከ1,800 ዓመት በፊት ንጉሠ ነገሥቱ ካራካላ ያስመረቀው ይህ ሕንፃ በአንድ ጊዜ ወደ 1,600 የሚያህሉ ታጣቢዎችን ይይዝ እንደ ነበር ይነገራል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ጎታውያን ሮማን ሲከቡ የውሃውን ቦይ ስለ ቈረጡት መታጠቢያው ደርቆ ቀረ። ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ግን እስከ ዛሬ እንደ ገደል ቆሟል፤ ሥሩ የቆመ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ካላየ ጫፉን አያገኘውም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ኦፔራ የሚባለው በዜማ የሚነገር ቴያትር በፍርስራሹ መካከል መታየት ጀመረ። ይህና የሐውልታችን በሮማ መተከል በወራት ብቻ የሚለያዩ የአንድ መንግሥት ሥራዎች መሆናቸውን ስናስብ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆምን።

የመጣንበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 30 ቀን 1982 ዓ.ም. ማታ ጣሊያናዊው ሉቺያኖ ፓቫሮቲ፣ እስፓኛውያኑ ፕላሲዶ ዶሚንጎና ሆሴ ካሬራስ በአንድነት የዘመሩት በዚህ ነበር። በማግስቱ በዚችው ከተማ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ ሊደረግ ነበርና ቀኑ የተመረጠው ታስቦበት ነው። ሦስቱም እግር ኳስ ወዳጆች ናቸው፤ ፓቫሮቲ የዩቬንቱስ፣ ዶሚንጎ የሪያል ማድሪድ፣ ካሬራስ የባርሴሎና ደጋፊዎች። የማድሪድንና የባርሴሎናን ባላንጣነት የሚያውቅ ሰው ሁለቱ በአንድ መድረክ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ካሬራስ ደግሞ በ1979 ዓ.ም. የደም ካንሰር ይዞት የመዳን ተስፋው መንምኖ የነበረ ሰው ነው። በሲያትል መቅኒው ከታከመ በኋላ ድምፁን መልሶ አግኝቶ፣ ለዚሁ ደዌ ምርምር የሚውል ድርጅት አቋቋመ፤ የዚያም ምሽት ሐሳብ ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነበር።

ዙቢን ሜታ የፊሬንሴንና የሮማን ኦርኬስትራዎች አንድ አድርጎ መራ። የተቀመጠው ሰው ወደ 6,000 ይደርሳል፤ በቴሌቪዥን ያየው ግን ይህ ነው አይባልም።

አርባ ዓመት በሮማ የኖሩ አስተናጋጃችን፣ «ለመሆኑ እርስዎ በዚያች ማታ የት ነበሩ?» ብንላቸው ሣቁ። «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔ ቡና ቤት ተቀምጬ የባሪውን ጨዋታ ነበር የማየው። ዜማውን የሰማሁት ኋላ በካሴት ነው» አሉን። በእርግጥም በዚያው ምሽት ጣሊያን በባሪ ከተማ ለሦስተኛነት ተጫውታ እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋለች። ከአራት ቀን በፊት በኔፕልስ በአርጀንቲና በፍጹም ቅጣት ምት ተረትታ አገሩ ሁሉ አዝኖ ነበርና፣ ዜማው ለሐዘንተኛ ሕዝብ የተዜመ ያህል ሆነ። በማግስቱ ምዕራብ ጀርመን አርጀንቲናን 1 ለ 0 ረታች።

ሦስቱም ከዚያ ወዲያ የዓለም ዋንጫን እግር በእግር ተከተሉ፤ በ1986 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ፣ በ1990 ዓ.ም. በፓሪስ ኤፌል ማማ ሥር፣ በ1994 ዓ.ም. በዮኮሃማ ዘመሩ። በመካከሉም ከተማ ለከተማ ዞረዋል። ፓቫሮቲ በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዐርፏል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችንን ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪቃ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜ፣ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ጓድ ውስጥ ድምፁ እጅግ የሚያምር አንድ ልጅ ነበር። ስታዲዮም ውሎ ሲጮኽ ስለ ዋለ በማግስቱ ጕሮሮው ተዘግቶ መጣ። በበዓል ቀን በመሪነት ሊዘምር ተወስኖ ነበርና ተቈጣን፤ «ለኳስ የሰጠኸውን ድምፅ ለዜማ አትመልሰውም» ብለን ከጓዱ አስወጣነው። ልጁ አልተከራከረም። የጕሮሮው መዘጋት በሳምንት ይለቀዋል፤ እኛ ግን አልጠራነውም፣ እርሱም አልተመለሰ።

እነዚያ ሦስቱ ጕሮሯቸውን ከብርድ በሻርፕ የሚጠብቁ ሰዎች ሆነው ኳሱን ግን አልተዉትም። ይህን ያሰብነው በፍርስራሹ ውስጥ፣ መድረኩ የቆመበትን ስፍራ አስተናጋጃችን በጣታቸው ሲያመለክቱን ነው።

ከመውጫው አጠገብ የካራካላ ሥዕል ያለበት ፖስታ ካርድ ገዛን። የልጁን አድራሻ ስለማናውቅ አዲስ አበባ ለእኅቱ ስልክ ደወልን፤ አዳማ እንደሚኖርና ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረችን። በካርዱ ጀርባ ስሙን ጻፍን፤ ከስሙም በታች፣ «ዛሬስ ትዘምራለህን?» ብለን ጠየቅነው። ቴምብሩን የለጠፉልን አስተናጋጃችን ናቸው።