የዋግ አዝማሪ እንጀራ

አዝማሪ ግጥሙን ራሱ እየገጠመ፣ ዜማውን ራሱ እያወጣ፣ መሰንቆውን ራሱ እየመታ የሚያድር ባለሙያ ነው። ቀጣሪ የለውም፤ የወር ደመወዝ አያውቅም። የዕለት ገቢው ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው አድማጭ ኪስ እዚያው የሚወጣ ነው። ይህ ሙያ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በላስታ ደጋዎች ረጅም ዕድሜ አለው። በዋግ ኽምራ ደግሞ ኽምጣና፣ አማርኛና ትግርኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ እንጀራውን በዘፈን የሚበላ ሰው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር ይጠቅመዋል።

ሰቆጣ ለአዝማሪ የምትመች ከተማ ነበረች። ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥሩት የዋግ ገዢዎች፣ ዋግሹሞች፣ መቀመጫቸው እዚያ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው እስከ 1863 ዓ.ም. ገዝተዋል። ከተማዋ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ መሀል አገር የሚሻገርባት ገበያም ነበረች። አዝማሪ ግቢም ገበያም ይፈልግ ነበር። መኳንንት ሲደሰቱ ልብስ፣ እህል፣ አንዳንዴም በቅሎ ይሸልሙ ነበር፤ ነጋዴና ገበሬ የሚሰጡት ጥቂት ነው። የግቢው ሽልማት ግን የሚመጣው ከአንድ ሰው እጅ ነበርና ያ ሰው የተቆጣ ዕለት ይቋረጥ ነበር። የገበያው ከብዙ ሰው እጅ ስለሚሰበሰብ አንዱ ቢነፍግ ሌላው ይዘረጋል። አዝማሪ ሌላው የማይደፍረውን ለመናገር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች ዘንድ ግሪዮ የሚባሉት ባለሙያዎች ለታወቁ ቤተሰቦች በዘር ያደሩ፣ የእነዚያን ቤቶች የትውልድ ሐረግ የሚጠብቁ ናቸው። አዝማሪ ግን መንገደኛ ነው፤ ዛሬ ያወደሰውን ቤት ነገ ትቶት ይሄዳል።

መሣሪያው ለመንገደኛ የተሠራ ይመስላል። መሰንቆ ባለአራት ማዕዘን የእንጨት ገበታ፣ አንድ ረጅም አንገትና አንድ ክር ያለው ቀላል ዕቃ ነው። ገበታው በስስ ቆዳ ይለበጣል፤ ክሩም ደጋኑ ላይ የሚወጠረውም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ በደረቁ ቢሳብ ድምፁ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ደጋኑን በዕጣን ያሸዋል። ቆዳውም ዕጣኑም ለዋግ ሰው ሩቅ አይደሉም፤ የተከዜ ተፋሰስ ቆላዎች፣ በተለይ አበርገሌ፣ በፍየል ዝርያቸውና በዕጣን ዛፋቸው የታወቁ ናቸው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም፤ በአየር ላይ እንዳለ ነካ አድርገው ድምፁን ይለውጡታል። ይህ ለተማሪው ከባድ ነው፤ ጣቱ የሚያርፍበት ምልክት ስለሌለ ልኩን የሚነግረው ጆሮው ብቻ ነው። ሲለመድ ግን መሰንቆው የሰው ድምፅ የሚሄድበት ሁሉ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ቃል ሲያጣ ይሞላለታል፤ ቃል ሲያወጣ ይመልስለታል።

ትምህርቱ በቤት ውስጥ ነው። ልጅ ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ጋር እየዞረ፣ መጀመሪያ እያጨበጨበና እየተቀበለ፣ ቀጥሎ ክር እየነካካ ያድጋል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በስም ሳይሆን በጆሮ ይለያቸዋል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው፤ ዋግም ለረጅም ጊዜ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ስለነበረ እነዚህ ቅኝቶች ለአካባቢው ሰው የቤት ዜማ ናቸው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ይሠራሉ፤ እሱ መሰንቆውን ይዞ ይዘፍናል፣ እሷ ትቀበላለች፣ ትጨፍራለች። ማኅበረሰቡ ያለ አዝማሪ ሠርግ አይደምቅለትም፤ ሆኖም ልጁን ለአዝማሪ መዳር አይወድም ነበር። አዝማሪ ቤተሰቦች እርስ በርስ እየተጋቡ፣ ለራሳቸው ብቻ የሚገባ የምሥጢር ቋንቋ እያወሩ የኖሩት በዚህ ንቀት ምክንያትም ነው። ይህ ንቀት በደል ነው። ሰው በደስታውና በኀዘኑ የሚፈልገውን ባለሙያ ከማዕዱ ማራቁ ፍትሕ አልነበረም።

የአዝማሪ ሙያ ግጥም የሚያውቅ አድማጭ ይፈልጋል፤ ዋግ ደግሞ ይህን አድማጭ ከልጅነት ያሳድጋል። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 እስከ 21፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ልጃገረዶች ሻደይ ይጫወታሉ። ሻደይ የሚባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው ዙሪያ ያስራሉ፤ ከበሮ ይዘው በቡድን ከቤት ቤት ይሄዳሉ፤ ለባለቤቱና ለቤቱ ሰዎች የሚስማማ ግጥም እያወረዱ ይሸለማሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው ከዚሁ ጋር አንድ ዘር ነው። የቡድኑ አውራጅ የምትሆነው ቃል የማያጥራት ልጅ ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። እነዚህ ልጃገረዶች አዝማሪ አይደሉም፤ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ነገር ግን ያ ችሎታ በሠርግ ዘፈን፣ በወፍጮ እንጉርጉሮ፣ በለቅሶ ሙሾ አብሯቸው ይኖራል። ስለዚህ በሰቆጣ ጠላ ቤት የተቀመጠ ሰው፣ እናቱም እህቱም ግጥም አውራጅ የነበሩ ናቸውና፣ በተሰበረ ቤት አይታለልም።

ይህ መተዋወቅ በግልጽ የሚታየው ከአድማጭ ወገን አንዱ «ተቀበል!» ሲል ነው። ሰውየው ሁለት ስንኝ በቃሉ ይሰጣል። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ አንሥቶ በዜማ ያስገባዋል፤ በመሰንቆው ያዝ አድርጎ ሰዉን ያስጠብቃል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ያወርዳል። የተሰጠው ግጥም ልኩን የሳተ ከሆነ እዚያው ያቃናዋል። የወል ቤት በእያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም፣ ስድስት በስድስት ተከፍሎ፣ ይፈልጋል። አንድ ቀለም ቢጎድል «ወይ» ጣል ያደርጋል፤ ቢተርፍ ሁለት ቃል አጣብቆ ይጠራል። ሰጪው ስንኙ ሳይሰበር፣ እንዲያውም ከሰጠው አምሮ ሲወጣ ይሰማዋል፤ ተነሥቶም ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከዚህ በኋላ አዝማሪው በራሱ ግጥም ይመልሳል፤ «ጌታዬ» እያለ ያሞግሳል፣ ሙገሳውን ሰም አድርጎ ከሥሩ ወርቁን ይቀብራል። ንፉጉን በቸርነቱ ሲያወድሰው ቤቱ ሁሉ ይገባዋል፤ ንፉጉም ይገባዋል፣ ግን የሚከስበት ቃል አያገኝም። ግጥሙን ሁለት ሰዎች ሠርተውታል፤ በማግሥቱ ግን የማንም አይደለም፤ የሰማው ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ባለሥልጣን ይህን ኃይል አሳምሮ ያውቀዋል። የኢጣልያ ወረራ በግልጽ አሳየው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የኢጣልያው እንደራሴ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና በየአገሩ የሚዞሩ ዘፋኞች እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። ጠብመንጃ ያልያዙ ሰዎች የተገደሉት ወሬና ተስፋ ከመንደር መንደር ስለሚያደርሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዋግና ላስታ ሸፈቱ፤ ዐመፁን የመሩት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መባቻ ተገድለው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደረገ። ያን ዘመን ያሳለፈ አገር የአዝማሪውን ፉከራና ቀረርቶ እንደ ተራ ጨዋታ አያየውም።

ከነጻነት በኋላ ሙያው ሌላ ፈተና ገጠመው፤ ይኸውም ደመወዝ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በኋላም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ቡድኖች ባህላዊ ተጫዋቾችን ቀጠሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ በግብፃዊው ሙዚቀኛ ሐሊም ኤል-ዳብ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሰንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አሰባሰበ። በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነት ከክፍለ ሀገር እስከ ቀበሌ ተደራጀ። ይህ ሁሉ ለዘፋኙ ቋሚ ገቢና ክብር፣ ለአገር ደግሞ የሚታወስ ሥራ አስገኝቷል። ማሪቱ ለገሰ ከወሎ መድረክ ወጥታ አምባሰልን ለመላው አገር አሰምታለች። ነገር ግን ግጥሙ በመድረክ ላይ ከመሰማቱ በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ተቀጣሪው ዘፋኝ የተጻፈለትን ይዘፍናል፤ «ተቀበል» የሚለው አድማጭም ከጨለማው አዳራሽ ወንበር ላይ ሆኖ ማጨብጨብ ብቻ ቀረለት።

ከአድማጭ ኪስና ከደመወዝ ቀጥሎ ሦስተኛው መንገድ ድምፅን ቀርጾ መሸጥ ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የሀገር ፍቅርን የብቸኝነት መብት ተጋፍቶ ነው። ካሴት ሲመጣ ዋጋው ረከሰ፣ ቅጂውም በዛ። ክራሯን ይዛ የራሷን ግጥም ታወርድ የነበረችው አስናቀች ወርቁ የዚህ ሁሉ መንገድ ምሳሌ ናት፤ በቴአትር መድረክም ተዋናይት ነበረች። ኢትዮፒክስ የተባለው የፓሪስ የሲዲ ስብስብ 16ኛ ቅጹን ለእርሷ ሰጥቷል። 2ኛው ቅጽ ደግሞ ከደርግ ውድቀት በኋላ በአዲስ አበባ የተበራከቱትን አዝማሪ ቤቶች የቀረጸ ነው።

የዋግ ዘፋኝ ዛሬ የሚቆመው በእነዚህ ሦስት መንገዶች መገናኛ ላይ ነው። ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ይቀርጸዋል፤ በኽምጣና የተዘፈነ ዘፈን በዩቲዩብ ከአገር ውጭ ላለው ተወላጅ በዚያው ቀን ይደርሳል። ቋንቋው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በአማራ ክልል ብዙኃን መገናኛም ይተላለፋል። በአንጻሩ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዋግ ደርሶ ብዙ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ሠርግና ገበያ የሚያኖሩት ባለሙያ እንጀራው አብሮ ተነካ።

ሕጉም በከፊል ብቻ ነው የሚደርስለት። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ተጨመረ። ሆኖም ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በአንድ ነገር ላይ ሲቀረጽ ወይም ሲጻፍ ነው። በጠላ ቤት የወጣ ስንኝ በነጋታው በሌላ ሰው ካሴት ወይም ቪዲዮ ቢገኝ፣ የፈጠረው ሰው ማስረጃ የለውም። ስለዚህ መፍትሔው አዝማሪውን መልሶ በደመወዝ ማሰር አይደለም። የዋግ ኽምራ የባህል ጽሕፈት ቤት፣ ሬዲዮውና መምህራን የአዝማሪውንና የሻደይ አውራጇን ሥራ በኽምጣናም በአማርኛም ሲቀርጹ የገጣሚውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን አብረው ቢመዘግቡ፣ ያ መዝገብ በሕግ ፊት ማስረጃ ይሆናል። ከሥራው የሚገኘውም ገንዘብ ለባለቤቱ ሊደርስ ይችላል። ዘፋኙ እንደ ድሮው ለብዙ ሰው እየዘፈነ፣ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እየተቀበለ፣ የፈለገውን እየተናገረ ይቀጥላል፤ ልዩነቱ የግጥሙ ባለቤትነቱ የተጻፈለት መሆኑ ነው።