ልጅነት አንዴ ነው

ሊንውድ ያላችሁ ወላጆች፣ አንድ ነገር እንነጋገር። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ከ8 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ የመማር ግዴታ አለበት። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው፣ በደወል እየተነሱ፣ በፈተና እየተመዘኑ ይውላሉ። ማታ ከአያታቸው ጋር በአማርኛ የሚያወጉበት ጉልበት አይተርፋቸውም። ትምህርትን አልጠላም፤ የሚያሳዝነኝ ልጅነታቸው በግዴታ ብቻ ማለቁ ነው።

ሕጉ ሌላ በርም አለው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስፈርቱን ያሟላ ወላጅ በየዓመቱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አሳውቆ ልጁን ቤት ማስተማር ይችላል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው። ቢያንስ ግን ምሽቱንና ቅዳሜን ለልጆቻችን እንተውላቸው። «ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት «ዛሬ ምን ደስ አለህ?» እንበላቸው።