የበለስ ማር

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ የምሠራበት ባንክ ተዘጋ። የሰው ገንዘብ ስቆጥር የኖርሁት እኔ ለእናቴ አንድ ኪሎ ስኳር መግዛት አቃተኝ። ገበያው ባዶ ነበር፤ የማሽላው እሸትም ገና ሩቅ። በጓሯችን አጥር ላይ ግን በለሱ በስሎ ነበር።

እናቴ ፍሬውን በሣር ጠርጋ እሾኹን አራገፈች፤ ልጣም ጨመቀችው። ዘሩ ሲበዛ ሆድ ያደርቃልና በአሮጌ ነጠላ አጠለለችው። ከዚያ ጭማቂውን በሸክላ ድስት ጥዳ፣ እሳቱን ቀንሳ፣ ታማስለው ጀመር።

«እማዬ፣ ያለ ስኳር?» አልኋት።

«ውኃው ይሂድለት እንጂ ጣፋጩስ ከውስጡ አለ» አለችኝ።

ድስት ሙሉ የነበረው ከሰዓታት በኋላ ጥቂት ጭልፋ ሆነ፤ እንደ ማርም ጠየመ። በዚያ ክረምት ቁርሳችን እርሱን እያጠቀስን የምንበላው የማሽላ ቂጣ ነበር።

የበለስ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮ ነው። እዚያም ጭማቂውን ያለ ስኳር አፍልተው እያወፈሩ «የበለስ ማር» እንደሚሉት ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። ለእናቴ ብነግራት «እነርሱም ተቸግረው ኖሯል!» ብላ ሳቀች።

ዛሬ ባንኩ ተከፍቷል፤ በቤታችንም ስኳር አለ። ባለፈው ሐምሌ በተራዬ በለሱን ጥጄ ሳማስል መቆሙ አሰለቸኝና ቶሎ እንዲወፍር ስኳር ጨመርሁበት። እናቴ በቂጣ ጠቅሳ ቀመሰች፤ ጥቂት ዝም አለች።

«ይጣፍጣል» አለችኝ፤ «ግን ቸኩለሃል።»

ግጥሞቼን ካነበቡልኝ ወዳጆች መካከል እንዲህ አጥርቶ የነገረኝ የለም።