«ይሄ ቦታ ሰው አለው?»

«ይሄ ቦታ ሰው አለው?» የምትለዋን ጥያቄ ለእናንተ ለከተሜዎቹ ማን ያስተምራችኋል! ካፌ ትሰሟታላችሁ፣ ሠርግ ቤት ትሰሟታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ግን… ታክሲ ውስጥማ ማን ጠይቆ! ጋቢናን የተመኘ ክርኑን አስቀድሞ ይመጣል፤ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኖ መጣበቅ የደረሰው ዕድሉን እየረገመ ይሄዳል። እናላችሁ፣ ይህንኑ የታክሲ ነገር ሰማይ ላይ አውጥቶ፣ ያውም አሜሪካን አገር፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራበት አየር መንገድ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ!

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዲቪ ደርሶኝ የመጣሁ ሰው ነኝ። ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ (የኤርፖርቱ ስም ይለፈኝ፣ እንጀራዬ ነው!)፤ ማታ ማታ ደግሞ ለእናንተ እጽፋለሁ። ዊልቸር የሚገፋ ሰው አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገባል። ሰው ወንበር ፍለጋ ላይ ሲሆን ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ ከዚያ በር አጠገብ ቆሞ ያየ ያውቀዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። አየር መንገዱ ሳውዝዌስት ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1971 በቴክሳስ ሦስት ከተሞች፣ ማለትም በዳላስ፣ በሂውስተንና በሳን አንቶኒዮ መካከል መብረር ሲጀምር ዓላማው ርካሽ መሆን ነበር። በ1972 ገንዘብ አጠረውና ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። የአራቱን ሥራ በሦስቱ ለመሸፈን አንድ መላ ብቻ ነበረው፦ አውሮፕላኑ አርፎ፣ ሰው አውርዶና ጭኖ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሳ ማድረግ። አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ገንዘብ አያመጣማ! ለዚህ ጥድፊያ ቁጥር የሌለው ወንበር ተስማማው። ማንም «14ሲ የት ነው?» እያለ መተላለፊያውን አይዘጋም። ቀድሞ የገባ ደስ ባለው ቦታ ይቀመጣል፣ የዘገየ የተረፈውን ይወስዳል። አለቀ።

ድሮ በሩ ላይ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ካርድ ይታደል ነበር። ከ2007 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገደኛው ኤ፣ ቢና ሲ ተብሎ ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ምድብ ከ1 እስከ 60 ቁጥር ተሰጠው፤ ሰዉ ቁጥር በተጻፈባቸው ምሰሶዎች ሥር እንደ ተማሪ መሰለፍ ጀመረ። ጥሩ ቁጥር የሚያገኘው በረራው 24 ሰዓት ሲቀረው ኢንተርኔት ላይ ቀድሞ የተመዘገበ ነው። አራዳው ደወል ሞልቶ ደቂቃዋን ይጠብቃታል። በ2009 ደግሞ «ገንዘብ ክፈልና እኛ ቀድመን እንመዘግብልሃለን» የምትል ነገር መጣች። እንግዲህ እኩልነት ሲባል የነበረው ያን ጊዜ ዋጋ ወጣለት ማለት ነው።

ውስጥ የሚሠራውን ድራማማ ምኑን ልንገራችሁ! ባል ቀድሞ ይገባና አጠገቡ ያሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ጃኬትና ቦርሳ ይዘረጋል፤ «ሰው አለው!» ይላል፣ ሚስት ገና ሲ ምድብ ላይ ናት። አንዱ አጠገቡ ሰው እንዳይቀመጥ ልክ ሲቀርቡት ማሳል ይጀምራል። ሌላዋ እንቅልፍ የወሰዳት ትመስላለች። ከሁሉ የሚገርመው ግን የእኔው ሥራ ነው። ዊልቸር የጠየቀ ሰው ከሁሉ በፊት ይገባል። ታዲያ እያቃሰተ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ጎረምሳ ሲደርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዊልቸር አልፈልግም ብሎ፣ ሻንጣውን ነጥቆ፣ ሩጫ! እዚህ አገር ሰዎች በነገሩ እየቀለዱ «የተአምር በረራ» ይሉታል። ሲሄዱ አንካሳ፣ ሲደርሱ ሯጭ። እኛ ጠበል ፍለጋ ስንት ተራራ እንወጣለን፣ ለካስ ፈውሱ አየር ላይ ኖሯል!

እስቃለሁ፣ ግን አንዲት እናት ሳቄን አስጥለውኛል። ስድሳውን ያለፉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው የሚሄዱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ዊልቸር አልጠየቁም። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቃል፣ ግን «በእግሬ እየሄድኩ እንዴት ጋሪ ላይ ልውጣ» የሚሉ ዓይነት ሰው ናቸው። ልጃቸው ከፍላላቸው ኖሮ ቁጥራቸው ጥሩ ነበር፣ ቢ መጀመሪያ ላይ። ተራቸው ሲደርስ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ጠጋ ብለው ቆሙና ከኋላ የመጣውን ሁሉ ማሳለፍ ጀመሩ። «እለፍ ልጄ… እለፊ የኔ እመቤት…»

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ተራዎ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ምን ቸገረኝ ልጄ! ቸኩለዋል፣ ይቀመጡ። እኔን የተረፈው ይበቃኛል።»

የተረፈው እንግዲህ የመጨረሻው ረድፍ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ በሁለት ግዙፍ ሰዎች መሃል ነበር። ማንም አልበደላቸውም። ሕጉ «ቅደም» ነው የሚለው፤ እሳቸው ደግሞ ያደጉት ሰው ሲመጣ ብድግ በሚባልበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ይባላል፣ ትልቁም «በግዜር!» ብሎ ያስቀምጣል። ቁጥር የለውም፣ ምሰሶ የለውም፣ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። እዚያ አውሮፕላን ውስጥ «ኖር» የሚል ሰው አልነበረም፤ እሳቸው ብቻ መንገደኛውን ሁሉ በሆዳቸው «ኖር» ሲሉ ኋላ ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥር የሌለው ወንበር ለእኔ ጨዋ ሰው የሚቀጣበት ወንበር ሆነብኝ።

አሁን ያ ነገር ቀርቷል። ሳውዝዌስት በጁላይ 2024 ልማዱን እንደሚተው አስታወቀ፤ በራሱ ጥናት ከደንበኞቹ 80 ከመቶው፣ ሌላ አየር መንገድ ከሚመርጡት ደግሞ 86 ከመቶው የተመደበ ወንበር እንደሚፈልጉ ገለጸ። ከጃንዋሪ 27 ቀን 2026 ጀምሮ ቲኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር አለ። አውሮፓ ውስጥማ ቀድሞ ያለቀ ነገር ነው፦ ኢዚጄት በኖቬምበር 2012፣ ራያንኤር በፌብሩዋሪ 2014 ወንበር መመደብ ጀምረዋል።

«እሰይ! ተገላገልን!» ልትሉ ነው አይደል? ቆይ፣ አትቸኩሉ! አብሮኝ ዊልቸር የሚገፋ አንድ የአገሬ ልጅ በሻይ ሰዓታችን የሚለኝን ስሙ። «ድሮ ድሃው በጠዋት ተነስቶ የሀብታሙን ወንበር መያዝ ይችል ነበር፤ አሁን ወንበሩም ተሸጠ» ይላል። ውሸቱን አይደለም። በርካሾቹ አየር መንገዶች ቲኬቱ ሲታይ ዋጋው ያጓጓል፤ ወንበር መምረጥ ግን ለብቻው ይከፈልበታል። መስኮት የራሱ ዋጋ፣ እግር መዘርጊያ የራሱ ዋጋ አለው። ካልከፈላችሁ ኮምፒዩተሩ ደስ ያለው ቦታ ይወረውራችኋል። ለፍቅረኛሞች አላዝንም፤ ለሦስት ሰዓት ብትለያዩ ትናፈቃላችሁ! የእናትና የልጅ ጊዜ ግን ቀልዱ ያበቃል።

ወንበር በሚመድብ በሌላ ርካሽ አየር መንገድ በር ላይ (ስሙን ልተወው) አንዲት ወጣት እናት ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር አገኘሁ። እሷ 9ኛ ረድፍ፣ ልጁ 27ኛ። ያልከፈለችው ሞልቷት ተርፏት መሰላችሁ? የሁለቱ ወንበር የደርሶ መልስ ሒሳብ ሲደመር የአንድ ቀን ደሞዝ ይበላል። የበሩ ሠራተኛ «ገብተሽ ሰው ለምኚ» አለቻት። እንግሊዝኛዋ ገና ነው፤ እኔ የመጣሁት ሌላ መንገደኛ ላደርስ ነበር፣ ግን የአማርኛ ለቅሶ ሰምቶ ማን ያልፋል? አብሬያት ገብቼ ለመንኩላት። አንደኛው ሰውዬ ወረቀቱን አሳየኝ፤ ከፍሎበታል፣ መብቱ ነው። ሁለተኛዋም ወረቀቷን አሳየችኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን የአባቶቻችንን ነገር እዚያ መተላለፊያ መሃል ቆሜ አሰብኩት። ልጁ የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ ዝም ብሎ ያየናል። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ ምንም ሳይል ተነሳ፤ የከፈለበትን የመስኮት ወንበር ለቆ ወደ ኋላ ሄደ። እናትየው በአማርኛ መረቀችው፤ ትርጉሙን ሳይጠይቅ አንገቱን ነቀነቀ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ከሁለቱ ምረጪ ብባል ቁጥር ያለውን እመርጣለሁ። ያቺ ወረቀት መጋፋት ለማያውቅ፣ ቋንቋ ለማይችል፣ ጉልበቱ ለደከመ ሰው ጠበቃ ናት። እነዚያ እናት ቁጥር ቢኖራቸው ኖሮ መንገደኛውን ሁሉ አሳልፈውም ወንበራቸው ይጠብቃቸው ነበር። ግን እናትን ከልጇ አጠገብ ማስቀመጥ ዕቃ አይደለም፣ ሊሸጥ አይገባም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በማርች 2023 ልጅን ያለ ክፍያ ከወላጁ ጎን እናስቀምጣለን ብለው ቃል የገቡትን አየር መንገዶች ለይቶ በይፋ አሳወቀ፣ በኦገስት 2024 ደግሞ 13 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ክፍያውን የሚከለክል ረቂቅ ደንብ አቀረበ።

እናንተም አንድ ቀን ዲቪው ሲደርሳችሁ፣ ወይም ለትምህርት፣ ወይም ለሥራ ስትወጡ ርካሽ ቲኬት ይገጥማችኋል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» እንዳይሆንባችሁ እነዚህን ያዙ።

አንደኛ፣ የቲኬቱን ዋጋ ብቻ አትዩ፤ የወንበሩንና የሻንጣውን ደምሩና ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ብዙ ጊዜ ውድ ያላችሁት ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቲኬቱን በአንድ ላይ ግዙ። ለየብቻ ከገዛችሁ ኮምፒዩተሩ ዝምድናችሁን በምን ያውቃል?

ሦስተኛ፣ ከልጅ ጋር ከሆናችሁ የአየር መንገዱን ደንብ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ለምሳሌ ራያንኤር ከ12 ዓመት በታች ልጅ ይዞ የሚሄድ ትልቅ ሰው ለራሱ ወንበር እንዲከፍል ያስገድዳል፣ የልጆቹን ግን በነጻ ከጎኑ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁለት ጊዜ አይከፍልም።

አራተኛ፣ ችግር ካለ አውሮፕላኑ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት፣ በሩ ላይ ሰው ሳይበዛ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ልመና ነው።

አምስተኛ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ ወንበራቸውን እናንተው ምረጡላቸው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው ከሆነም ዊልቸር ጠይቁላቸው። «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለታቸው አይቀርም፤ አትስሟቸው! ዊልቸሩ የተሠራው ለእነሱ ነው፣ ለሯጮቹ አይደለም።

የከፈላችሁበት ወንበር ላይ ተደላድላችሁ ሳለ ደግሞ ልጇን የያዘች እናት ከፊታችሁ ብትቆም፣ ወረቀቱ የእናንተ ነው፣ ማንም አያስነሳችሁም። ብትነሱ ግን ምርቃቱ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ይደርሳችኋል። ቸር እንሰንብት!