ጥቁር ስንት ቀለም ነው?

አባቴ የብራና ጸሐፊ ነበር። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፣ ከተቆላ እህልና ከቅጠል ቀምሞ፣ ለወራት አብላልቶ ያዘጋጀው ነበር። ቀዩን ግን ለቅዱሳን ስም ብቻ ይቆጥበዋል። እኔም ከቀለም ቀንዱ አጠገብ ያደግሁ በመሆኔ ጥቁር ማለት አንድና ያልተደባለቀ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያፈረሰው አባቴ ካረፈ በኋላ የሆነ አንድ ነገር ነው።

ለአርባ ተዝካሩ በወጣትነቱ የተነሣውን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አጉልቼ ለማተም ተነሣሁ። ቤቴ ያለው አታሚ ቀለም እየረጨ የሚሠራ ነው። ጥቁሩ ሙሉ ስለነበር የሌሎቹ ነገር አላሳሰበኝም። በሚያብረቀርቀው የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ የወጣው ፊት ግን አረንጓዴ ነበር። ታላቅ እኅቴ አየችውና «ይኼ የአባባ መልክ አይደለም» ብላ ፊቷን አዞረች። ተዝካሩ በማግሥቱ ነበር።

ያን ማታ በጥገና ሙያ የተሰማራ የቀድሞ ተማሪዬን አስጠራሁ። «ጋሼ፣ ያለቀው ማጀንታው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳያን የተባለው ውሃ ሰማያዊ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ይውጣል፤ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ ቢጫ ደግሞ ሰማያዊውን። ሦስቱ ሲደራረቡ ጨለማ ይሆናሉ፤ ይሁንና የሚገኘው ጥቁረት ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው፤ ወረቀቱንም ያርሰዋል። ስለዚህ አራተኛው፣ ጥቁሩ፣ ይታከላል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በሦስት ቀለማት ማተምን የሞከረው ያኮብ ክሪስቶፍ ለ ብሎን እንኳ አንዳንድ ጊዜ የጥቁር ሰሌዳ መጨመር ግድ ሆኖበታል።

በብዙ አታሚዎች ለጽሑፍ የሚውለው ጥቁር ደቃቅ ጠጣር ብናኝ ያለበት ሲሆን፣ ሦስቱ ቀለማት ግን በፈሳሹ ውስጥ የሟሙ ናቸው። ብናኙ በተራ ወረቀት ላይ ጠርቶና ደምቆ ይቀራል፤ በሚያብረቀርቀው ላይ ግን በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ መሣሪያው ጥቁሩን ወደ ጎን ትቶ ጥቁረትንም ግራጫንም ከሦስቱ ያዋህዳል። ማጀንታው ሲጎድል የሚቀሩት ሳያንና ቢጫ ናቸው፤ የሁለቱ ውሕደትም አረንጓዴ ነው። የአባቴን ፊት የለወጠው ይኸው ነበር።

ሱቆቹ ተዘግተው ነበርና ተማሪዬ ተራ ወረቀት አስገብቶ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲታተም መሣሪያውን አዘዘው። ግራጫ ቀለም ስለሌለ ብርሃን ያረፈበት ጉንጭ የተወለደው ከተራራቁ ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ምስሉ ሻካራ ነበር፤ ቢሆንም እርሱ ነበር። እኅቴ ተቀብላኝ በነጠላዋ ጠርዝ አበሰችውና ሰቀለችው።

ከሳምንት በኋላ ማጀንታውን ገዝቼ በሚያብረቀርቀው ወረቀት ደግሜ አተምሁት። በማጉያ መነጽር ብመለከተው በጥምጥሙ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቢጫ ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ተሰልፈው አገኘኋቸው። ዓይኔን ሳርቅ ሁሉም ጥላ ሆኑ።

የዚያን ጊዜ የአባቴ ማሰሮ ትዝ አለኝ። ጥላሸቱ፣ እህሉ፣ ቅጠሉ፤ ለካስ የእርሱም ጥቁር የብዙ ነገሮች ድምር ኖሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቀምመው አይቼ፣ አንድ ነው ያልሁት እኔ ነኝ።