ስለ እናቶች አጥንት ጥንካሬ

እናቴ 60 ዓመት ሲሞላቸው «እንግዲህስ ይረፉ» ብዬ የቤቱን ሥራ ሁሉ አስተውኋቸው። ከተቀመጡበት ደግፎ የሚያነሣ ረዳት ቀጠርሁላቸው፤ ይህንንም ለእናት የሚገባ ክብር አድርጌ ቈጠርሁት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በደጃፉ ደረጃ ላይ ጥቂት ቢያዳልጣቸው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የሴት የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ አጥንቷ ፈጥኖ ይሳሳል፤ ሥራና ክብደት ያላረፈበት አጥንትም ይብሱን ይደክማል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. በአውስትራልያ የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች በአሠልጣኝ ጥበቃ በሳምንት 2 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ከባድ ክብደት እያነሡ 8 ወር ቢቈዩ፣ በቤታቸው ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ካደረጉት ይልቅ የወገባቸው አጥንት ዳብሮ ተገኝቷል።

ዛሬ እናቴ ሐኪማቸው በፈቀደው መጠን በየማለዳው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ያለ ደጋፊ ከወንበር እየተነሡ ይቀመጣሉ፤ አሠልጣኝ አጠገባቸው ቆሞም ክብደት ያነሣሉ። የሳሳው አጥንት ፈጽሞ እንደ ቀድሞው ባይመለስም እግራቸው ስለ ጸና የመውደቅ ፍርሃታቸው ቀንሷል።

እናት ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ እንደ እኔ በፍቅር ብዛት እንዳትበድሉ ይህን ጻፍሁላችሁ።